አሣ የለበሱ

ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣ በጥር ቅዝቃዜ፣
አሣ በመፋቅ ነው ያለቀው የኔ ጊዜ፤
ቅርፊቱ ይረጫል፣ ፀጉር ላይ ይጣበቃል፣
ማታ ታጥቤም እንኳ ትራሴ ላይ ያብረቀርቃል።
እዚህ ከተማ ሰው ብልጭ የሚል ሲያይ
"ቆሻሻ ነው" ይላል፣ ይጠርገዋል ከላይ።

ዶሪን ስታላርድ ግን፣ አጠገቤ ቆማ፣
በዚያው ቢላዋ፣ በዚያው የጎማ ጫማ፣
ዓመት ሙሉ ዝም ብላ፣ ማንም ሰው ሳይሰማ፣
ለካ ቅርፊት ስትቆጥር ኖሯል፣
ልብስ ልትሰፋበት ለዚህ ለግራጫ ከተማ።

አርብ ማታ ነበር፣ የመርከበኞች ቤት፣
ቢራው ከነአረፋው፣ ድንቹ ከነወረቀት፤
አምስት ሰዎች ወጡ፣ አምስት ቁራጭ መብረቅ፣
አምፖሉ እንኳ አፈረ፣ አቃተው ማብረቅረቅ።
ክላይቭ፣ የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ ታኮው አንድ ስንዝር፣
ትከሻው ላይ ላባ፣ ቅንድቡ ላይ ብር፤
መንትዮቹ ራግቢዎች በወርቃማ ሱሪ፣
አንዱ ድራም ደብዳቢ፣ አንዱ ፒያኖ አብራሪ፤
ዶሪን ቤዝ ጊታሯን እንደ ጨቅላ ታቅፋ፣
ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ቅርፊቷን አሰልፋ፤
አምስተኛው ሲረል ነው፣ የጡረታ ጥሩምበኛ፣
ሐምራዊ ካባ ደርቦ የሚያንቀላፋ እንደ ዳኛ።
ስማቸው "ቅርፊት" ነው። ዲስኮ ነው አሉ ሙያቸው።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ከጨለማው መሐል
አንድ ሰው ድንች ወረወረ፤ ላባው ላይ ተሰክቷል።
ክላይቭ ነቅሎ በላት፤ ጣቱን በቀስታ ላሰ፣
"ጨው አንሷታል" አለና ወደ ማይኩ ተመለሰ።

ዓመት ዞረ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ወጣ።
"ነገ ማታ" ይላል ልባሱ ላይ ስሙ፣
ከአሣ በረዶ ክምር ላይ ላባ ለብሰው ቆሙ።
ገዛሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤
ምናልባት ለሳቄ ልከፍል ነው መቀጫ።

መርፌው ገና ሲነካው የሚሰማው ጩኸት
የኛው በረዶ መፍጫ ነው፣ ከሥራ ቦታችን ጎን ካለው ቤት፤
ክርር፣ ክርር ይላል፤ ከዚያ ድራም ይገባል፣
ያ የምጠላው ማሽን ወገብ አውጥቶ ይውረገረጋል።
የዶሪን ቤዝ ይመጣል፤ አይሮጥም፣ አይለምንም፣
እንደ ሀብታም ሴት ደረጃ ይወርዳል፣ ማንንም አያይም።
ክላይቭ ቀጭን ድምፁን ኮርኒስ ላይ ይሰቅላታል፣
ወደቀች ስል፣ በላባ ባርኔጣው ይቀልባታል።

አራተኛው ዘፈን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይረባም፤
ቫዮሊን ተደፍቶበታል፤ ሻይ በዚህ ሁሉ ስኳር አይጠጣም።
ስለ ፓሪስ ያወራል።
አንዳቸውም ፓሪስን አላዩም።

አባቴ፣ መርከቡ ከተሸጠ ወዲህ፣
ንግግሩ ከ"እህ" አያልፍም፣ ዓይኑ ከመስኮቱ ወዲያና ወዲህ።
"ምንድነው ይሄ የፒኮክ ጋጋታ?" አለ።
ሸክላውን ስገለብጠው ዝም አለ።
ሁለት ዘፈን አለፈ። ዘወር ብዬ ባይ፣
የሱፍ ካልሲው ውስጥ፣ ከምንጣፉ ላይ፣
አውራ ጣቱ ብቻ፣ ሳይጠይቅ ፈቃዱን፣
ከድራሙ ጋራ ጀምሯል መንገዱን።
እንዳላየ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ነገር
ሲያዩት ይደነግጣል፣ እንደ ጎጆ ወፍ ነው፣ ይበር።

መጨረሻው ዘፈን ላይ ሁሉም ያርፋል፤
ሲረል ብቻውን ቀርቶ ጥሩምባ ይነፋል፤
ሁለት ኖታ ብቻ፣ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣
ጭጋግ ውስጥ መርከብ መርከብን "አለህ ወይ?" እንዳለ።
"ይሄን አውቀዋለሁ" አለ አባቴ።
ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ሲፍቅ
አንዳችንም አልተነሳንም።

ሰኞ ጠዋት ከዶሪን ጎን ቆምኩ፣ በዚያው ውርጭ፣
ዓይኗ ቆብ ላይ ያልታጠበ ብር፣ ብልጭ፣
የኔም አንጓ ላይ አንዲት ቅርፊት ነበረች፤ አልጠረግኋት።
"ያቺን ድንች የወረወርኋት እኔ ነኝ" አልኳት።
ቢላዋዋን አላቆመችም፤ ቀናም አላለች።
"አውቃለሁ። አርብ እንጫወታለን፣
ጨው ይዘሽ ነይ" አለች።